ኬፕ ፖይንትን በአንድ ቀን ዞሮ መመለስ፦ ከየት በኩል እንጀምር?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈችው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ለመብረር የተዘጋጀች ሴት ናት። ባሏ፣ ሁለት ልጆቿና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቷ አብረዋት ይሄዳሉ። መኪና ተከራይተው ከከተማው በስተደቡብ እስከ ኬፕ ፖይንት ጫፍ ድረስ የተዘረጋውን ባሕረ ገብ መሬት በአንድ ቀን መዞር፣ እግረ መንገዳቸውንም እየወረዱ ትንሽ ትንሽ በእግር መሄድ አምሯቸዋል። ዝርዝሯ ረጅም ነው፦ ሙይዘንበርግ፣ ካልክ ቤይ፣ ሳይመንስ ታውን፣ የቦልደርስ ፔንግዊኖች፣ ኬፕ ፖይንት፣ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ፣ ስካርቦሮ፣ ኮሜኪ፣ ኑርድሁክ፣ ቻፕማንስ ፒክ፣ ሃውት ቤይ፣ ካምፕስ ቤይ። ጥያቄዋ ግን አንድ ነው። በምሥራቁ በፋልስ ቤይ በኩል ወርደው በምዕራቡ በአትላንቲክ በኩል ይመለሱ? ወይስ በግልባጩ?

መንገዱን ስለማውቀው ዝርዝሩን ሳይ ፈገግ አልኩ። ዙሪያው ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። መንገዱ ግን በጠባብ የባሕር ዳር ከተሞች መሃል ያልፋል፣ ይጠማዘዛል፣ በየአምስት ደቂቃውም ቁሙ ቁሙ ያሰኛል። መልሶቹ ከጠበቅኩት በላይ ጠቃሚ ሆኑ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ተቆጡ።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። እንኳን ደህና መጣችሁ ካለ በኋላ አሥራ ሁለት ቦታ ለአንድ ቀን እንደማይሆን ነግሯት ግማሹን እንድትሰርዝ መከረ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ሳይናገር ተሰናበተ።

ቁጥር 2 እዚያው ከተማ ብዙ ዘመን የኖረች ሴት ናት፤ ጽሑፏ ያስታውቃል። በምሥራቅ ውረዱ፣ በምዕራብ ተመለሱ ባይ ናት። የመጀመሪያ ምክንያቷ ቀላል ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። በዚህ አቅጣጫ ሲዞሩ ባሕሩ ቀኑን ሙሉ በግራ እጃቸው ይሆናል። ፎቶ ሲያምራቸው ግራቸውን ይዘው መቆም ብቻ ነው፤ ከፊት የሚመጣ መኪና አቋርጦ መታጠፍ የለም። ሁለተኛው ብርሃን ነው። ቻፕማንስ ፒክ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ገደል ስለሆነ ጠዋት ተራራው ራሱ ጥላውን ይጥልበታል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ሦስተኛው ፔንግዊኖቹ ናቸው። ቦልደርስ በጠዋት ያልደረሰ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ ነው።

ቁጥር 3 በዚህ አልተስማማም። ፈርጠም ያለ ሰው ነው። ቻፕማንስ ፒክ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 114 ኩርባ ያለው፣ ከ1915 እስከ 1922 ገደሉን እየፈለፈሉ የሠሩት መንገድ መሆኑን አስታወሰ። ድንጋይ ሲናድ ወይም አየሩ ሲከፋ ይዘጋል። እሱን ለመጨረሻ ማቆየት ማለት ሰው ደክሞት ሲደርስ በሩ ላይ ተመለስ መባል ነው ይላል። ሌላም ጨመረ። በግራ መንዳት ያልለመደ ሰው ወደ ሰሜን ሲመለስ የሚይዘው የገደሉን አፍ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን ተራራው በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ጠዋት በቻፕማንስ ይጀመር፤ ሌላው ይደርሳል።

ክርክሩ ውስጥ ያለው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 4 ላይ የቁጥር 2ዋ ሴት ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ትንሽ ከረር ብሏል። የባሕሩ ጠርዝ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ እንዳለው ጠቀሰች። አደጋው ያለው ገደሉ አጠገብ በመንዳት ሳይሆን በመቆሙ ላይ ነው ባይ ናት። መቆሚያዎቹ በባሕሩ በኩል ስለሆኑ ወደ ደቡብ የሚወርድ እንግዳ እነሱ ጋ ለመቆም ኩርባ ላይ የሌላውን መስመር ማቋረጥ አለበት። ቢዘጋስ ላለው ደግሞ መልስ አላት። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ድረ ገጽ ማየት ነው። ከተዘጋ ተራራውን በላይ በኩል የሚያቋርጠው ኦው ካፕሰ ቬክ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። የሚቀረው ዕይታው ብቻ ነው። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። የቁጥር 3 ፍርሃት እውነት ቢሆንም ለክረምት እንጂ ለበጋ አይሠራም።

ቁጥር 5 ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ በየትኛው ወር ነው የምትሄዱት? ቁጥር 6 ላይ ጠያቂዋ ራሷ መለሰች። ከፈረንጆቹ ገና ማግሥት። ይህ ብዙ ነገር ቀየረ። ያን ጊዜ እዚያ በጋ ነው፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው፣ አገር ምድሩ መኪናውን ይዞ ወደ ባሕር ይወጣል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ማለት ቀኑ ረጅም ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው።

ቁጥር 7 ንፋሱን አመጣ። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ኃይለኛ ንፋስ የአካባቢው ሰው ኬፕ ዶክተር ይለዋል፤ የከተማውን መጥፎ አየር ጠራርጎ ስለሚወስድ ነው አሉ። ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ኬፕ ፖይንት ጫፍ ላይ ባርኔጣ ይዞ መቆም ቀልድ እንደሆነ ጻፈ። አጭር ምክር ነበረው። ለልጆቹ በበጋም ቢሆን የንፋስ ጃኬት መያዝ፣ በእግር የሚሄዱትንም ከምሳ በፊት መጨረስ።

ከዚያ የሰዓት ጣጣ መጣ። ቁጥር 8 የኬፕ ፖይንት ፓርክ በር በ6 ሰዓት እንደሚከፈት ጻፈ። ቁጥር 9 ተናደደ። በ6 ሰዓት ከተከፈተ እኩለ ቀን ሆነ ማለት ነው፣ ታዲያ እስካሁን የተመከረው ሁሉ ምን ሊሆን ነው ብሎ ሰዎቹን ወረፈ። ቁጥር 10 ሳቅ ብቻ ለጠፈ። ቁጥር 11 ነው ነገሩን ያጠራው። ከኦክቶበር እስከ ማርች በሩ የሚከፈተው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ከጠዋቱ 1 እስከ 11 ሰዓት። የአዲስ አበባ ሰዓት ከኬፕ ታውን በአንድ ሰዓት እንደሚቀድምም አስታወሰ። ቁጥር 9 ይቅርታ አልጠየቀም። እንዲያውም ቁጥር 12 ላይ ተመልሶ ሰው ሲጽፍ የማን ሰዓት እንደሆነ መጻፍ እንዳለበት አስተማረ። በዚህኛው ግን ልክ ነው።

ጠያቂዋ ቁጥር 13 ላይ ስለ እናቷ ጠየቀች። ኬፕ ፖይንት አናት ላይ ያለው የመርከቦች መብራት ማማ ጋ ሳይወጡ ይቀሩ ይሆን? ሁለት ሰው ተከታትሎ መለሰላት። ቁጥር 14 ገመድ የሚስበው ትንሽ ባቡር ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ ሽቅብ እንደሚያወጣቸው፣ ምንም እንዳታስብ ጻፈ። ቁጥር 15 ግን አረመው፣ ደግ አደረገ። ባቡሩ ከሚያወርድበት እስከ ማማው ድረስ ገና ደረጃ አለ። ጉልበት ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም። ጥሩው ነገር ባቡሩ የሚቆምበት ቦታ ራሱ ፋልስ ቤይን አሻግሮ ማሳየቱ ነው። እናትየው እዚያ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ያመለጣቸው ነገር ትንሽ ነው። ይኸው ሰው ስለ ማማውም ደስ የሚል ነገር ነገራት። አሮጌው ማማ ሥራ የጀመረው በ1860 ነው። የተሠራው ከባሕር በላይ 200 ሜትር አልፎ ስለሆነ ከፍታው ራሱ ጠላቱ ሆነ። ጉምና ደመና ሲሸፍነው መርከበኞቹ አያዩትም። በ1911 ሉሲታኒያ የተባለ የፖርቱጋል መርከብ እዚያው አጠገብ ቋጥኝ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ባሕሩ ቀረብ ብሎ፣ አዲሱ ማማ ተሠርቶ በ1919 የበራው። ለልጆች ይህን እየነገሩ ደረጃ ማስወጣት ይቀላል። ያለዚያ ግማሽ ላይ እሹሩሩ ነው።

ቁጥር 16 በቅን ልቦና የጻፈ ሰው ነው። ልጆቹ ኬፕ ፖይንት ላይ ሁለቱ ውቅያኖሶች ሲገናኙ እንደሚያዩ፣ የአፍሪካን የመጨረሻ ጫፍም እንደሚረግጡ ጻፈ። ምነው ባልጻፈ። ቁጥር 17 ወረደበት። የአህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ ኬፕ ፖይንት ሳይሆን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ኬፕ አጉላስ ነው። የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ድንበር ተብሎ የተመደበውም እዚያው የሚያልፈው የ20 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ላይ ሰው ተሰልፎ ፎቶ የሚነሳበት ሰሌዳ እንኳ የሚለው የአህጉሩ ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ሰሌዳ ማንበብ የማይችል ሰው ለምን አስጎብኚ ይሆናል ማለቱ ግን ከመስመር ወጣ። ቁጥር 18 ላይ የተሰደበው ሰው በዓይኑ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ውኃ እንዳየ ማለ። ቁጥር 19 ጣልቃ ገብቶ ጠግቦ አደር ክርክር ነው አለ።

ያበረደው ቁጥር 20 ነው፤ አጻጻፉ መምህር ይመስላል። ድንበሩ ሰው በካርታ ላይ ያሰመረው መሆኑን አስረዳ። ውኃው ግን ካርታ አያውቅም። ከምሥራቅ የሞቀው የአጉላስ ጅረት ይመጣል፣ በምዕራብ ቀዝቃዛው የቤንጌላ ጅረት አለ። የሚደባለቁበት ቦታ በኬፕ አጉላስና በኬፕ ፖይንት መካከል ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ የቁጥር 18 ዓይን አልዋሸም፣ ያየው ግን ድንበር አይደለም። ከዚያ ለጉዞው የሚጠቅመውን ተናገረ። በበጋ ያ የደቡብ ምሥራቅ ንፋስ በአትላንቲክ በኩል ያለውን የላይኛውን ውኃ ከዳር እየገፋ ሲወስደው ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። ስለዚህ ፀሐይ በምትጠብስበት ቀን ካምፕስ ቤይ ላይ ውኃው ከ15 ዲግሪ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ልጆቹ መታጠብ ከፈለጉ በፋልስ ቤይ በኩል ይሁን። ኬፕ ፖይንት ፓርክ ውስጥ ራሱ በፋልስ ቤይ ዳርቻ ቡፈልስ ቤይ የሚባል ቦታ አለ። በግንብ የታጠረ የባሕር ገንዳ ስላለው ማዕበል አይገባበትም። ይህን ዝርዝሯ ውስጥ አላየሁትም ነበር፤ ከአሥራ ሁለቱ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው።

ቁጥር 21 ስለ ባርቶሎሜዎ ዲያስ ጻፈ። በ1488 ጫፉን የዞረው መርከበኛ የማዕበል ጫፍ ብሎት እንደነበር፣ ንጉሡ ግን የመልካም ተስፋ እንዲባል እንዳደረጉ። ማንም አልመለሰለትም።

ከዚያ ዝንጀሮ። ቁጥር 22 በኬፕ ፖይንት መኪና ማቆሚያ የደረሰበትን ተረከ። ልጁን ከኋላ ወንበር ሲያወርድ የፊቱን በር ክፍት ትቶት ነበር። አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ገብቶ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ቦርሳው ውስጥ ዳቦ ነበር፣ ፓስፖርትም ነበር። ዝንጀሮው ዳቦውን ወስዶ ፓስፖርቶቹን ቁጥቋጦ ውስጥ በተናቸው፤ ቤተሰቡ የቀረውን ሰዓት በለቀማ አሳለፈ። ቁጥር 23 አሾፈ፤ እኛ አገር ዝንጀሮ የማናውቅ ይመስል ምን ያስፈራል አለ። ቁጥር 24 አልሳቀም። የእዚያ ዝንጀሮዎች ያልተቆለፈ የመኪና በር መክፈት እንደሚችሉ፣ እነሱን መመገብም በሕግ እንደሚያስቀጣ ጻፈ። መስኮት መዝጋት፣ በር መቆለፍ፣ ምግብ በእጅ ይዞ አለመውጣት። ከሰውም ቢሆን ቦርሳና ስልክ በመኪና መስኮት በኩል በሚታይ ቦታ መተው ጥሩ አይደለም። አንጸባራቂ ሰደሪያ የለበሱ የመኪና ጠባቂዎች በየማቆሚያው አሉ። ሲመለሱ ጥቂት ራንድ መስጠት የተለመደ ነው።

ቁጥር 25 የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ጨረሰ። ኬፕ ፖይንትና ቦልደርስ ሁለቱም የጠረጴዛ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ አካል ናቸው፤ የሚከፈለው ግን ለየብቻ፣ በሰው ቁጥር ነው። ዋጋው ሦስት ደረጃ አለው። የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ያለው ትንሽ ይከፍላል። የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ልማት ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች መካከለኛውን ይከፍላሉ። ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚገባው ከፍተኛውን ነው። ባቡሩ ሌላ ትኬት አለው። ቻፕማንስ ፒክ ደግሞ በመኪና ያስከፍላል፤ መክፈያው በሃውት ቤይ በኩል ነው። ቁጥር 26 አፍሪካዊ ሆኖ እንደ አውሮፓዊ መክፈል ያበሳጫል ብሎ ረጅም ፖለቲካ ጻፈ። ዘለልኩት።

ቁጥር 27 ባልየው ሊነዳ መሆኑን አንብቦ አንድ ነገር ብቻ መከረ፤ አውቶማቲክ መኪና ይከራይ። መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ፣ መንገዱ ኩርባ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይለመድም። ከክርክሩ ሁሉ ይህን በላይኛው መስመር ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል። አቅጣጫው የቱም ይሁን፣ ግራ እጁን ማርሽ ላይ የሚያደናብር ሰው ባሕሩን አያይም።

ቁጥር 28 የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ጠየቀ። ቁጥር 29 ሳይመንስ ታውን ውስጥ የውሻ ሐውልት አለ ወይ አለ። አለ፣ ቁጥር 30 ተረከው። ጀስት ኒውሰንስ የሚባል ግዙፍ ውሻ ነበር። ያን ጊዜ ከተማው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጣቢያ ነው። ውሻው ከመርከበኞች ጋር በባቡር መሄድ ይወድ ነበር፤ የባቡር ሠራተኞች ቲኬት የለውም እያሉ ያወርዱታል። በ1939 ባሕር ኃይሉ በይፋ ቀጠረውና በነፃ መሳፈር ጀመረ። በ1944 ሲሞት በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። ለልጆች ከማማው ታሪክ ይልቅ ይኼኛው ይጣፍጣል። ሐውልቱ ያለው ከዋናው መንገድ ዳር አደባባይ ላይ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ስለ ፔንግዊኖቹ ቁጥር 31 ደስ የማይል ዜና አመጣ። ቦልደርስ ላይ በ1982 ሁለት ጥንድ ብቻ ሆነው ሰፈሩ፣ ከዚያም እየበዙ ሄዱ። የአፍሪካ ፔንግዊን በጠቅላላው ግን እየቀነሰ ነው፤ በ2024 ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት ተርታ ተመደበ። ስለዚህ ከእንጨት መሄጃው አለመውረድ፣ ልጆችም እንዳይነኳቸው መጠበቅ ግድ ነው። ያስጠነቀቀው ነገርም አለ፤ መንቁራቸው ይነክሳል፣ ድምፃቸውም እንደ አህያ ነው። የእንጨት መሄጃው ለጥ ያለ ስለሆነ ለእናትየው የሚመቻቸው የእግር መንገድ ይኼ ነው።

ቁጥር 32 ላይ ጠያቂዋ አዲስ ዕቅድ ይዛ መጣች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥተው ሳይቆሙ በቀጥታ ቦልደርስ። ከዚያ ውሻው። ከዚያ ኬፕ ፖይንት፤ ባልየውና ልጆቹ ማማው ድረስ፣ እናቷ ባቡሩ የሚቆምበት ድረስ። ምሳ ቡፈልስ ቤይ፣ መኪናው ተቆልፎ። ከሰዓት በኋላ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ሰሌዳው ጋ በመኪና፣ ኮሜኪ ላይ የስላንግኮፕ መብራት ማማ አጠገብ ባለው የእንጨት መሄጃ ትንሽ እግር ማፍታታት፣ ማታ ቻፕማንስ። ሙይዘንበርግ፣ ካልክ ቤይና ካምፕስ ቤይ ተሰረዙ። ሦስቱም ለከተማው ቅርብ ስለሆኑ ሌላ ቀን ይደረስባቸዋል። ቁጥር 33 ለካልክ ቤይ ዓሣ አለቀሰ።

ቁጥር 34 ከኬፕ ፖይንት ወደ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በእግር የሚወስደውን መንገድ በመኪና መተካቷ ቅር አሰኘው። ከዲያስ ባሕር ዳርቻ በላይ በገደሉ ጠርዝ የሚሄደው ይህ መንገድ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ከዙሪያው ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው ይላል። መፍትሔም አለው። ባልየውና ትልቁ ልጅ በእግር ይሂዱ፣ ሌሎቹ መኪናውን ይዘው ሰሌዳው ጋ ይጠብቋቸው። ግን ማን ይንዳ? ጠያቂዋ ቁጥር 35 ላይ እኔ እነዳለሁ ብላ ዘጋችው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች የሌላ ሰው ጉዳይ ናቸው። ቁጥር 36 በሰኔ የሚሄድ ሰው ነው፤ ይኼው ዕቅድ ለእኔ ይሠራል ወይ አለ። ቁጥር 37 ላይ የመለሰለት፣ ካየሁት ሁሉ በላይ ያስገረመኝ፣ ያ ፈርጣማው ቁጥር 3 ነው፤ በዚህ ጊዜ በትሕትና። አይሠራም አለው። በሰኔ እዚያ የዝናብ ወቅት ነው። ፀሐይ የምትወጣው ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ የምትጠልቀው ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የፓርኩ በርም በ11 ይዘጋል። ከኬፕ ፖይንት የወጣ ሰው ቻፕማንስ ሲደርስ ጨልሟል። ስለዚህ በክረምት ዙሪያው ይገልበጥ፤ ክፍት ከሆነ ቻፕማንስ በመጀመሪያ፣ ኬፕ ፖይንት እኩለ ቀን ላይ፣ ፔንግዊኖቹ ሲመለሱ። ዝናብ ከጣለ ማግሥት ደግሞ ድንጋይ ስለሚናድ መንገዱ መከፈቱን ሳያጣራ ከሆቴል እንዳይወጣ።